ከበሮ የሚማሩት በመጨረሻ ነው

በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅሌት ለመስማት የሚመጡ ወጣቶች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ስለ ከበሮ ነው። መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ዜማውን ተማሩ። ከበሮ የዜማ አገልጋይ ነው፤ የሚያገለግለውን የማያውቅ እጅ የቱንም ያህል ቢፈጥን ሌላውን ያደናቅፋል።

ሥርዓቱ ራሱ ይህን ያስተምራል። መዘምራኑ በቅኔ ማኅሌቱ ግራና ቀኝ ትይዩ ይቆማሉ። ቃሉ በመጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ያን ጊዜ የሰው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ዜማውን ተከትሎ ይወዛወዛል። ከበሮና ጸናጽል የሚገቡት ከዚያ በኋላ፣ በመረግድ ነው። በጽፋት ምቱ ይፋጠናል፤ በወረብ ደግሞ መቺው ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከመዘምራኑ ጋር ወደፊትና ወደኋላ ይላል። ስለዚህ መቺው እጁን ከማንሣቱ በፊት ቃሉን ደጋግሞ ሰምቶታል። የት ላይ እንደሚረዝም፣ የት ላይ እንደሚቆረጥ ጆሮው ይዞታል።

ከበሮው ከግንድ ተፈልፍሎ፣ ሁለቱ አፎቹ በቆዳ ተሸፍነው በጠፍር የተወጠረ ነው። ሊቃውንቱ ሰፊውን አፍ በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት ይመስሉታል፤ ጠፍሩን ደግሞ ጌታ በተገረፈ ጊዜ በሰውነቱ ላይ በወጣው ሰንበር። ይህን ትርጓሜ ያወቀ ሰው ከበሮን እንደ ዕቃ አይዘውም። ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ የሰፊው አፍ ድምፅ ይታፈናል። ፀሐይ ስትወጣ አውጥተን እናሞቀዋለን። ቆዳውን በጣቴ መታ መታ እያደረግሁ እጠብቃለሁ፤ የሰፊው ድምፅ ሲጠራና ከጠባቡ ሲለይ ለሌሊቱ ማኅሌት ተዘጋጀ ማለት ነው።

ከባዱ ሥራ ያለው በመረግድ መጀመሪያ ላይ ነው። በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ያለው ዝምታ ረጅም ነው። ጀማሪ ይህን ዝምታ መታገሥ ያቅተዋል፤ አንድ ትርፍ ምት ጣል ያደርግበታል፤ ያን ጊዜ ዜማው ይጣደፋል፣ ጸናጽሉም ይዛባል። የበሰለ መቺ ግን መዘምራኑ ቃሉን እስኪጨርሱት ይጠብቃል። ነገሥታት ዘውድ በጫኑበት፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. በነገሡበት በዚህ ደብር ማገልገል ሰውን እዩኝ እዩኝ ሊያሰኘው ይችላል። ያንን ስሜት የሚገራው ይህ ዝምታ ነው።

አዲስ አበባ የየጉባኤ ቤቱ ልጆች የሚገናኙባት ከተማ ናት። በጎንደር በዓታ የተማረ፣ የተጉለት ልጅ፣ የተክሌን አቋቋም የዘለቀ በአንድ ማኅሌት ሊቆሙ ይችላሉ። የቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የጋራችን ነው፤ አካሄዳችን ግን ይለያያል። እኔ የከበሮን ምት የተማርኩት በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ነው፤ ከሌላ ቤት ከመጣ ወንድም ጋር የሚያስማማኝም ማዳመጥ ብቻ ነው።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ይዘመማል። የካቲት 23፣ የዐድዋ ድል በዓል፣ በጾሙ ውስጥ በሚውልባቸው ዓመታት በምኒልክ ሐውልት ዙሪያ ሽለላውና ፉከራው ይደምቃል፤ የእኛ ከበሮ ግን እንዳረፈ ነው። ለመቺ ከዓመቱ ሁሉ የሚጠቅመው ጊዜ ይህ ነው እላለሁ። እጁ ሲያርፍ ጆሮው ይሠራል።

አሁን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛው ድምፅ ማጉያ ነው። ከከበሮው አጠገብ ሲተከል ምቱ ቃሉን ይውጠዋል፤ ምእመኑም የሚሰማው ጩኸቱን ይሆናል። ሁለተኛው የሰፈሩ መበተን ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ በእግሩ ለማኅሌት ይመጣ የነበረ ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። ሌሊት ከዚያ ድረስ መምጣት ቀላል አይደለም። ልጆች ከአባቶቻቸው ጎን ቆመው ሳያውቁት የሚማሩት ትምህርት በዚህ ይጎድላል።

ስለዚህ መማር ለምትፈልጉ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ወረብ በስልክ አይታችሁ ምቱን ብቻ አትያዙ። በበዓል ዋዜማ ኑ፣ ከመዘምራኑ ኋላ ቁሙ፣ ቃሉን ከነትርጉሙ ያዙ፣ መቋሚያውን ተለማመዱ። የደብር አስተዳዳሪዎችም ድምፅ ማጉያውን ከከበሮው ራቅ አድርጉልን፤ ከሩቅ ለሚመጡ ልጆችም ማደሪያ አዘጋጁ። ጠንካራ እጅ ያለው ሰው ሞልቷል፤ ማኅሌቱ የሚፈልገው የሚያዳምጥ መቺ ነው።