ክብርና ሹመት፤ ስለ ሕንድ ሠራዊት መኰንኖች የተጻፈ መጽሐፍ

ፊሊፕ ሜሰን በ1974 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) «የክብር ነገር» ብሎ በእንግሊዝኛ ያወጣው መጽሐፍ፤ እንግሊዞች በሕንድ አገር ያቆሙትን ሠራዊት፤ የመኰንኖቹንና የጭፍሮቹን ታሪክ የሚተርክ ነው። ደራሲው እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ በሕንድ የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ሆኖ ያገለገለ ነውና፤ የጻፈው በሩቅ ሰምቶ ሳይሆን በቅርብ አይቶ ነው።

የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ፤ የሕንድ ወታደር ለባዕድ ሰንደቅ ዓላማ ስለ ምን ታምኖ ሞተ የሚል ነው። መልሱም፤ ከደመወዙ ይልቅ ክብሩ አሰረው፤ የክፍለ ጦሩን ስም እንደ አባቱ ስም ጠበቀ የሚል ነው። የ1857 ዓ.ም. ሽፍትነትም በስብ ከተቀባው ጥይት ብቻ እንዳልመጣ፤ አለቃና ጭፍራ ቀድመው እንደ ተራራቁ ያስረዳል። የደራሲው ብዕር የሚያምረው በዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ክብር ሁለት ሰዎችን የሚያስር ገመድ ከሆነ፤ ሁለቱንም ጫፍ መመርመር ይገባል። ሱበዳር የሚባለው ሕንዳዊ ሹም ሠላሳ ዓመት ቢያገለግል፤ ደረቱም በኒሻን ቢሞላ፤ በደንቡ ትናንት ከእንግሊዝ አገር ከመጣው ጢም ያላወጣ መኰንን በታች ነበረ። በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ለሕንዳውያን በዓመት ዐሥር ስፍራ የተፈቀደው ገና በ1918 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ በ1923 ዓ.ም.፤ እንግሊዛዊ በሕንዳዊ እንዳይታዘዝ፤ አዲሶቹ መኰንኖች በስምንት ክፍሎች ብቻ እንዲወሰኑ ተደረገ። ደራሲው ይህን አልሸሸገም፤ ግን የሚናገረው እንደ መልካም ቤት ጉድለት ነው እንጂ እንደ ቤቱ መሠረት አይደለም። ፍርዱ የሚላላውም በዚህ ነው።

ለዚህ የኢትዮጵያ ምድር ምስክር ናት። በ1868 ዓ.ም. ከቦምቤይ ተነሥቶ ወደ መቅደላ የወጣው የናፒየር ጦር ብዙ የሕንድ ወታደር ነበረበት፤ የክፍለ ጦሮቹ አዛዦች ግን እንግሊዞች ነበሩ። በ1941 ዓ.ም. ጠላት ከመተማ ሲሸሽ፤ ፕረሚንድራ ሲንግ ባጋት የሚባል ወጣት ሕንዳዊ የምክትል መቶ አለቃ ከፊት ቀድሞ በአራት ቀን 55 ማይል መንገድ ከፈንጂ አጸዳ። የጆሮው ታምቡር በፍንዳታ ቢቀደድም ሌላ ሰው ይተካህ ቢሉት እንቢ አለ፤ የቪክቶሪያ መስቀል የሚባለውንም ታላቅ ኒሻን ተቀበለ። ይህ ሰው የተማረበት የዴህራዱን የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1932 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከዚያ አስቀድሞ እንዲህ ያለ ስንት ሰው ከሱበዳርነት ሳያልፍ እንደ ቀረ አንባቢ ያስበው።

ሜሰን ወታደሩ ለአለቃው የሰጠውን እምነት በሚገባ መዝኗል፤ አለቃው ለወታደሩ የነፈገውን እምነት ግን በዚያው ሚዛን አላኖረውም። ካሪያፓ በ1949 ዓ.ም. የሕንድ ጦር የመጀመሪያው ሕንዳዊ ጠቅላይ አዛዥ በሆነ ጊዜ፤ የጐደለው ችሎታ ሳይሆን ፈቃድ እንደ ነበረ ተገለጠ። መጽሐፉ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ አንባቢው ግን «ክብር» የሚለውን ቃል ባገኘ ቍጥር፤ የማን ክብር ነው ብሎ ይጠይቅ።