የትኛው «ኦሮማይ»?

አየር ጤና፣ አባቴ ቤት አንድ አሮጌ «ኦሮማይ» አለ። ሽፋኑም፣ የኅትመት ዘመኑ የሰፈረበት ገጽም የለውም። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ፒዲኤፍም ያው ነው፤ ስካን ያደረገው ሰው ቀጥታ ከታሪኩ ጀምሯል። ታዲያ አንድ ቃል ሲጎረብጠኝ የበዓሉ ግርማ ነው ወይስ የኅትመት ስህተት? በምን ልወቅ?

ኮድ ስጽፍ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ጊት ይነግረኛል። ለመጽሐፍ ይህን ማስረጃ የሚይዝልን ወመዘክር ነው። በ1936 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ አሳታሚዎች ቅጂ እንዲያስገቡለት የሚያዝዝ ሕግም አለ። እኛ ግን ማንበቢያ አዳራሽ ብቻ እናደርገዋለን።

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በ1976 ከቤት እንደወጣ ቀረ። «መጽሐፉን ያተረፈው በድብቅ የተቀባበለው አንባቢ ነው» እንላለን። እውነት ነው። ግን እጅ በእጅ የዞረ መጽሐፍ ገጹ ይረግፋል። አንባቢ ታሪኩን ያድናል፤ እትሙን ለማዳን ተቋም ያስፈልጋል። የበዓሉን ድፍረት የምንመዝነው ያኔ በታተመው ቃል ነው። የመጀመሪያው እትም በእጃችን ከሌለ ሂሳችን ግምት ነው።

ስለዚህ «ቴሌግራም ላይ አለ» አትበሉኝ። ምንጩ ያልታወቀ ፋይል መቶ ጊዜ ቢገለበጥም ባክአፕ አይባልም።

ደግሞ የእኛስ ነገር? ይህ ጽሑፍ ወረቀት ላይ የለም። የዶሜይኑ ክፍያ የተረሳ ዕለት፣ ማን ዘንድ ሄዳችሁ ትጠይቁታላችሁ?