ጣሪያ ከመውጣት በፊት፦ የሶላር ተካዮች የደህንነት ሥልጠና

የሶላር ፓኔል የሚተክል ሠራተኛ በአንድ ቀን የሦስት ሰው ሥራ ይሠራል። ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ኤሌክትሪክ ያገናኛል፣ ባትሪ ያስገባል። የሦስቱም ሙያ አደጋ በእሱ ላይ ይደራረባል። የፀሐይ ኃይል ጭስ ባይኖረውም ተካዩን ከመውደቅ፣ ከኮረንትና ከአሲድ አያድነውም፤ የሚያድነው በእጁ የገባ ሥልጠና ነው።

ቅድሚያ የሚሰጠው ለከፍታ ነው። መሰላል በየ4 ሜትሩ ቁመት እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል፤ አናቱ ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል አልፎ ይታሰራል። ቆርቆሮ በማገርና በማገር መካከል ክብደት አይችልም፤ ስለዚህ እግር የሚያርፈው ሚስማሮቹ በተሰለፉበት መስመር ላይ ነው። ማገሩ ራሱ በምስጥ የተበላ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ከታች ይመረመራል። ትልቅ ፓኔል 20 ኪሎ ያህልና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ሰፊ በመሆኑ ነፋስ ይይዘዋል። አንድ ሰው ተሸክሞት መሰላል አይወጣም፤ በገመድ ይሳባል። የደህንነት ቀበቶ ያሰረ ሰው ቢወድቅ ደግሞ ተንጠልጥሎ መቆየት የለበትም፤ ደሙ እግሩ ላይ ተጠራቅሞ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። እንዴት እንደሚወርድ ሥራው ሳይጀመር ይታወቃል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ከመንገድ መስመር ወደ ቤት የሚገባውን መብራት በቆጣሪው በኩል ማጥፋት ይቻላል፤ ፓኔል ግን ብርሃን እስካረፈበት ድረስ ኮረንት አለው። አንድ ትልቅ ፓኔል 40 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ 15ቱ በተከታታይ ሲገናኙ 600 ቮልት ይደርሳል። በቤት ውስጥ ያለው ተለዋዋጭ ኮረንት በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ማገናኛ ሲነቀል የሚነሳው ብልጭታ ቶሎ ይጠፋል። የፓኔሉ ቀጥተኛ ኮረንት ዜሮ ስለማይነካ ብልጭታው እየነደደ ይቀጥላል። ስለዚህ ጭነት ያለበት ማገናኛ አይነቀልም፤ መጀመሪያ ማቋረጫው ይዘጋል፣ ከዚያ በመለኪያ ይረጋገጣል። ቀጥተኛውን ኮረንት ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይረው ኢንቨርተርም ከጠፋ በኋላ ለደቂቃዎች ኃይል ይይዛል።

ሦስተኛው ባትሪ ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ጋዙ ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ በአንድ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ክፍሉ አየር የሚያስገባ ይሁን፤ ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ። አሲድ ዓይን ቢነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውኃ ይታጠባል። እርሳስ በልብስ ተይዞ ሕፃናት ያሉበት ቤት ስለሚገባ የሥራ ልብስ እዚያው ሥራ ቦታ ይቀራል።

ይህን ሁሉ በቃል መመለስ ቀላል ነው። ጥሩ አሠልጣኝ የሚመዝነው እጅን ነው። ከመሬት ብዙ በማይርቅ የመለማመጃ ጣሪያ ላይ ሠልጣኙ ሲደክመውና ሲቸኩል ማቋረጫውን ቀድሞ መዝጋቱን ይመለከታል። ቅደም ተከተልም ያስተምራል፦ መሬት ላይ ሊገጣጠም የሚችለው መሬት ላይ ይገጣጠማል፤ ከዚያ ጠርዙ ይታጠራል፤ ቀበቶና ሄልሜት አደጋውን ማራቅ ላልተቻለበት የሚቀሩ መከላከያዎች ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት እምቢ ማለት ነው። ወጣት ሠራተኛ አለቃውን መቃወም እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። ስለዚህ «ጋሼ፣ መሰላሉ አልታሰረም፤ ሳይታሰር አልወጣም» ማለትን ድምፁን አውጥቶ ይለማመዳል። አለቃውም አብሮ ሠልጥኖ «ጎሽ፣ እሰረው» ማለትን ይማራል።

እምቢ የማለት መብት የሕግ መሠረት አለው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው 155ኛው ስምምነት ለሕይወቱ ከሚያሰጋ አደጋ የሸሸን ሠራተኛ ከቅጣት ይጠብቃል፤ ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን እንዲያስተምርና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ስለዚህ የሥልጠናው ሰዓት በደመወዝ የሚታሰብ የሥራ ሰዓት ሊሆን ይገባል፤ አዲስ ዓይነት ባትሪ ወይም ኢንቨርተር በገባ ቁጥርም ሥልጠናው ይታደሳል።