ለከርሞም የሚገኝ ልክ

ጂንካ ላይ የአሮጌ ትራክተር ሞተር ተፈትቶ ሲሊንደሩ ተበልቶ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኦቨርሳይዝ ፒስተን የት ይገኛል?» ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ቀድሞት መምጣት ያለበት ሌላ አለ። ዛሬ የምንገጥመው ልክ፣ ሞተሩ እንደገና በሚከፈትበት ዓመትስ ይገኛል ወይ? አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አጠገብ ላለ ጋራዥ ይህ ብዙ አያሳስበውም፤ አንዱ ሱቅ ቢያጣ ሌላው አያጣም። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶና በወይጦ በኩል ዕቃ እስኪመጣለት ለሚጠብቅ ባለትራክተር ግን የዘር ወቅት የሚያልፈው እዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ በደቡብ ኦሞ ሁኔታ ሲሊንደር አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ከመክተት ይልቅ ካሚቻውን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ተነቃይ ልባስ፣ ለውጦ ወደ መነሻው ልክ መመለስ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቤላሩስ ላይ ነገሩ ብዙ አያከራክርም። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ናዝሬት ላይ የተቋቋመው መገጣጠሚያ ይሠራ የነበረው ቤላሩስን በመሆኑ ብዙ መካኒክ እጁን የፈታው በዲ-240 ሞተር ነው። አራት ሲሊንደር፣ የሲሊንደሩ ስፋት 110፣ የፒስተኑ ምት 125 ሚሊ ሜትር። ካሚቻውን ውኃው በቀጥታ ስለሚነካው አሮጌው በመጎተቻ ወጥቶ አዲሱ ይገባል፤ ቶርኖ ቤት መሄድ የለም። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፋብሪካው ካሚቻውንም ፒስተኑንም በሩሲያ ፊደል «ቤ»፣ «ኤስ» እና «ኤም» ብሎ በሦስት ምድብ ይከፍላል፤ የ«ቤ» ካሚቻ የ«ቤ» ፒስተን ይፈልጋል። በአንዱና በሚቀጥለው ምድብ መካከል ያለው ልዩነት 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አሁን ፒስተኑ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ከጥላው 20 ዲግሪ ያህል ቢሞቅ አሉሚኒየሙ ወደ 0.04 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በማይክሮሜትር ሲለካ ሁለት ምድብ ዘልሎ ይገኛል ማለት ነው። በወይጦ ቆላ ይህ የወረቀት ሒሳብ አይደለም። ፒስተኑ፣ ካሚቻውና መለኪያው አንድ ጥላ ሥር አድረው ጠዋት ሳይሞቅ መለካት፣ ውድ መሣሪያ ከመግዛት የበለጠ ይጠቅማል።

ማሲ ፈርጉሰን ላይ ግን ተቃውሞው ይጠነክራል። የ135ቱ ፐርኪንስ ሞተር፣ ቁጥሩ በ152ዩኤ የሚጀምረው ባለ ሦስት ሲሊንደሩ፣ ካሚቻው ውኃ የማይነካው፣ ብሎኩ ውስጥ በኃይል ተጨምቆ የሚገባ ነው። ብዙውን ጊዜ ከገባ በኋላም ተቦርቡሮና ተስሎ ነው ልኩ ላይ የሚደርሰው። «ማሽን ቤት መሄዱ ካልቀረ አስፍቶ 0.030 ኢንች ኦቨርሳይዝ መክተት አይቀልም? ፋብሪካውስ ኦቨርሳይዝ የሠራው ለዚሁ አይደል?» ይባላል። እውነት ነው፣ ለዛሬ ይቀላል፤ የካሚቻ ዋጋም ይተርፋል። ግን ያ ሞተር ከዚያ ቀን ጀምሮ ፒስተኑም ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) የብቻው ነው። ይህ የፐርኪንስ ሞተር እስከ ዛሬ በሕይወት ያለው በእንግሊዝ ብቻ ሳይሆን በሕንድ ሲምሰን፣ በፓኪስታን ሚላት በፈቃድ ሲያመርቱት ስለኖሩ ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ዕቃ በብዛት መነሻው ልክ ነው። ኦቨርሳይዝ ደግሞ አስመጪው ባዘዘው መጠን፣ ባዘዘው ዓመት ብቻ ይገኛል። በተጨማሪም አንዳንዱ የቀድሞ ፐርኪንስ ካሚቻ ስስና በክሮም የተለበጠ ነው፤ እሱ ጨርሶ አይሰፋም።

የራሱ ልክ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል፤ «የሚቀርበው» ይገዛል። ለ0.030 ኢንች በተሰፋ ሲሊንደር የ0.020 ፋሻ ቢገባ ልዩነቱ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ፋሻ ክብ ነው፤ ልዩነቱ በፓይ ተባዝቶ በጫፎቹ መካከል 0.8 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ክፍተት ይሆናል። ለዚህ ስፋት የተለመደው ክፍተት 0.4 አካባቢ ስለሆነ፣ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ኮምፕሬሽኑ በዚያ ይወጣል፣ ዘይቱ በዚያ ይገባል፤ ባለቤቱም በሰማያዊው ጭስ መካኒኩን ይወቅሳል።

«ስፋቱ አንድ ከሆነ የሌላ ሞተር ፒስተንም ይሠራል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። የባለ ሦስቱ 152 እና የባለ አራቱ 203 ፐርኪንስ ስፋትና ምት አንድ ነው፦ 3.6 እና 5 ኢንች። ግን ከ203ዎቹ መካከል ቀደም ያሉት ነዳጁን የሚያቃጥሉት ቴስታታው ውስጥ ባለ ክፍል ነው፤ 152ቱ ደግሞ ፒስተኑ አናት ላይ በተጎደጎደ ሳህን። ሁለቱን ማቀያየር ኮምፕሬሽኑንም የነዳጁን አረጫጨትም ያበላሻል። ቤላሩስም ዘንድ ቱርቦ ያለው ዲ-245 እንደ ዲ-240 ስፋቱ 110 ነው፤ ፒስተኑ ግን ለሌላ ጫና የተሠራ ነው። ስለዚህ ሱቅ የሚላክ ሰው ከስፋቱ ሌላ ከፒኑ መሐል እስከ አናቱ ያለውን ቁመት፣ የፒኑን ውፍረት፣ የፋሻዎቹን ቁጥርና ውፍረት፣ የአናቱን ቅርጽ በፎቶ ጭምር ይዞ ይሂድ። አሮጌው ፒስተን ራሱ ቢላክ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ያረጀው ቀሚሱ ነው እንጂ የፒኑ ቁመት አይደለም።

አንድ ሲሊንደር ብቻ ቢጎዳ አራቱንም መለወጥ ብክነት ነው ለሚለው ግን እጄን እሰጣለሁ፤ ካሚቻ ያለው ሞተር ጥቅሙ አንዱ ይኸው ነው። አዲሱ ፒስተን ከጓደኞቹ ጋር በግራም ሚዛን ይመዘን እንጂ አንዱን ብቻ መለወጥ ያስኬዳል። የአየር ማጣሪያው ዘይት ካልተቀየረ ግን የተለወጠውም አንዱ፣ የቀሩትም ሦስቱ በአንድ አቧራ ያልቃሉ፤ ሲሊንደሩ ከላይ በኩል፣ የመጀመሪያው ፋሻ በሚመለስበት ቦታ ከልክ በላይ መበላቱ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ብሎኩ ቀደም ብሎ የተሰፋ ሆኖ፣ ካሚቻም ታጥቶ ኦቨርሳይዝ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያኔ ፒስተኑ በተገዛበት ቀን የዚያው ልክ ሁለተኛ ሙሉ የፋሻ ስብስብ አብሮ ይገዛ፤ ቀድሞ የሚያልቀው ፋሻው ነውና። ልኩም ብሎኩ ላይ በነዳጅ ፓምፑ በኩል በፖንሶ ይመታ፤ ደብተር ይጠፋል፣ ትራክተሩም ይሸጣል።