የ«ባቡር» ጎዶሎ ፍቺ

«ባቡር»ን «በሐዲድ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ» ብሎ ብቻ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ሥራውን አላሟላም። የቃሉ ሥር የሮማይስጡ «ቫፖር»፣ ማለትም እንፋሎት፣ እንጂ ሐዲድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው «ምድር ባቡር» መባሉ ራሱ፣ ስሙ ከሌላ ባቡር መለየት አስፈልጎት እንደ ነበር ያመለክታል።

የደቡብ ምዕራብ ቡና በበቅሎ ጋምቤላ ወርዶ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር፤ እንፋሎት ወደዚያ አገር የገባው ያለ ሐዲድ ነው። ዛሬም ሐዲድ ባልደረሰበት በሚዛን ተፈሪና በቴፒ በኩል «ባቡር ቤት» ቢባል ወፍጮ ቤት ማለት ነው።

እንግዲህ ፍቺው «በእንፋሎት ወይም በሞተር ኀይል የሚሠራ መኪና» ብሎ ይጀምር፤ የሐዲዱና የወፍጮው ፍቺ በተራ ቁጥር ይከተሉ። አለዚያ መዝገቡ የአንድ መስመር ተሳፋሪዎችን አማርኛ ብቻ ይዞ ይቀራል።