ስለ አሮጌ ፋይሎች ከሰርቨር መነሣት

የመሥሪያ ቤት ሰርቨር ሲሞላ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ይኸውም ለብዙ ጊዜ ያልተከፈቱትን ፋይሎች ወደ ሐርድ ዲስክ ገልብጦ ከሰርቨሩ ማጥፋት ነው። አሳቡን አንነቅፍም፤ የዕለቱን ሥራ ያቀላልና። የምንነቅፈው አፈጻጸሙን ነው፤ ለዚህም እንደ ጭፍራ ያለ የወረዳ ከተማ ጥሩ መመዘኛ ይሆነናል።

አልፎ አልፎ የሚፈለግ ነገር የማይፈለግ አይደለም። የአንድ መምህር የቅጥር ደብዳቤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ምናልባት አንድ ቀን ብቻ፣ ጡረታ ሲወጣ፣ ይፈለጋል፤ ያን ቀን ከታጣ ግን የአገልግሎት ዘመኑን የሚመሰክርለት ወረቀት የለውም። ደግሞም «መጨረሻ የተከፈተበት ቀን» የሚለው ምልክት አያስተማምንም፤ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ምዝገባው ራሱ ተዘግቷል።

ከሁሉ የሚያሳስበን የፊደል ነገር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ደብዳቤው ሁሉ ይጻፍ የነበረው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ፣ ለላቲን ፊደል በተመደበው ቍጥር ላይ የኛን ፊደል በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለው ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። እንግዲህ ፋይሉን ወደ ዲስክ አዛውሮ ፎንቱን የያዘውን አሮጌ ኮምፒዩተር የሚጥል ሰው (ሁለቱም በአንድ ጽዳት ይደረጋሉ) ጽሑፉን አኖረ ሊባል አይችልም። ፋይሉ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ ቢለወጥ፣ የመጀመሪያውም ቅጂ ከነፎንቱ ቢቀመጥ ይገባል እንላለን።

ስለ ቦታው ብዙ ክርክር አያሻም። ጭፍራ በጦርነቱ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ አልፋ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የመንግሥት ጦር መልሶ የያዛት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሰርቨሩ ባለበት ቤት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ቅጂ በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ ተልኮ በፊርማ ይረከብ።

የቀድሞው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ፋይል ሲወጣ ቍጥሩን፣ ቀኑንና የተረካቢውን ስም በመዝገብ ይጽፍ ነበር፤ ሰርቨሩ ግን ፋይሉ ሲነሣ ባዶ ቦታ ብቻ ይቀርለታል። በፋይሉ ስፍራ ወዴት እንደ ተዛወረና ማን እንዳዛወረው የሚናገር አጭር ማስታወሻ ይተውበት፤ ዲስኩም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ይነበብ፤ ማጥፋቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።