አሰላለፍን ስላለመለወጥ

የእግር ኳስ ተመልካች ቡድኑ ሲሸነፍ ያዝናል፤ ይህም ኀዘን የጨዋታው ግብር ስለ ሆነ አንድ ሌሊት አድሮ ይበርዳል። ነገር ግን ከሽንፈት ኀዘን የተለየ፣ ሳምንት ቢያልፍ የማይበርድ፣ ይልቁንም ከጨዋታ ወደ ጨዋታ እየከረረ የሚሄድ ሌላ ምሬት አለ፤ ይኸውም ተመልካቹ የተሰላፊዎቹ ስም ገና ሳይነገር አሰላለፉ ምን እንደ ሆነ፣ ባላጋራው በየት በኩል ሰብሮ እንደሚገባ፣ በስድሳኛው ደቂቃ ማን ወጥቶ ማን እንደሚገባ አስቀድሞ ሲያውቅ፣ ያወቀውም ሁሉ አንድ ሳይቀር ሲፈጸም የሚያድርበት ምሬት ነው። እኔ በአሰልጣኝነት ሙያ የምተዳደር ሰው እንደ መሆኔ መጠን ከአሰልጣኙ ወገን መቆም ይገባኝ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ይህን ምሬት በጥሞና በመረመርሁት ቍጥር ከጩኸቱና ከስድቡ በታች ለሙያችን የሚጠቅም ቁም ነገር ስለማገኝበት፣ ስለ እርሱ ጥቂት ሐተታ ለማቅረብ ወደድሁ።

ከቅርብ ዘመን ምሳሌዎች ሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ የማንቸስተር ዩናይትድና የፖርቱጋላዊው ሩበን አሞሪም ነገር ነው፤ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። አሞሪም በስፖርቲንግ ሊዝበን ሳለ፣ ከክለቡ 19 ዓመት ርቆ የነበረውን የሊግ ሻምፒዮንነት በ2021 ያስመለሰ፣ በ2024 የደገመ፣ ሊሰናበት በተቃረበበትም ሳምንት ማንቸስተር ሲቲን 4 ለ 1 ያሸነፈ ሰው ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገው በሦስት የመሐል ተከላካዮች፣ በሁለት የመስመር ተመላላሾች፣ በሁለት አማካዮች፣ ከፊት አጥቂው ኋላ በሚቆሙ ሁለት ሰዎችና በአንድ አጥቂ ነው። እንግዲህ በኖቬምበር 2024 ወደ ዩናይትድ ሜዳ ወደ ኦልድ ትራፎርድ ሲመጣ ይህንኑ አሰላለፍ ይዞ መምጣቱ የሚያስነቅፈው አልነበረም፤ የቀጠሩትም ሰዎች ይህን አውቀው ቀጠሩት። ሆኖም በዚያው የውድድር ዘመን ክለቡ በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በቢልባኦ በተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ በኦገስት 2025 ደግሞ በአራተኛው እርከን ይጫወት የነበረው ግሪምስቢ ታውን፣ መደበኛው ጨዋታ 2 ለ 2 ካለቀ በኋላ፣ በመለያ ምት 12 ለ 11 አሸንፎ ከሊግ ካፑ አስወጣው። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ አሞሪም በሴፕቴምበር ስለ አሰላለፉ ሲጠየቅ፣ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንኳ ቢሆኑ ሐሳቡን እንደማያስለውጡት ተናገረ።

ይህ ንግግር በማንቸስተር ብቻ የተሰማ አይደለም። በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤቶች የዩናይትድን ማልያ ለብሶ የሚመጣው ወጣት፣ አሰላለፉ በስክሪኑ ላይ ሲወጣ «ዛሬም ሦስት ተከላካይ?» ብሎ ለጎረቤቱ ሲናገር፣ በድምፁ ውስጥ የነበረው ቍጣ ሳይሆን ድካም ነበር፤ ለአሰልጣኝም ከቍጣው ይልቅ ይህ ድካም ይበልጥ ሊያስፈራው ይገባል እላለሁ።

የምሬቱን ምንጭ ለመረዳት ከነጥቡ ድምር ይልቅ በሜዳው ላይ አንዲት ቦታን መመልከት ይበቃል፤ እርሷም ከሁለቱ አማካዮች ጀርባና ከሦስቱ ተከላካዮች ፊት ያለችው ቦታ ናት። የዩናይትዶቹ ካዜሚሮና ብሩኖ ፈርናንዴዝ በመሐል ሜዳ ሁለት ሆነው ሲቆሙ፣ ባላጋራው ሦስት አማካዮችን ያሰልፋል እንበል። ብሩኖ በተፈጥሮው ወደ ፊት የሚገፋ ተጫዋች ነውና ኳስ የያዘውን አማካይ ሊጫነው ይወጣል፤ ካዜሚሮም ሁለተኛውን ሊይዝ ወደ ጎን ይሳባል፤ ሦስተኛው ግን ማንም ሳይነካው በካዜሚሮ ጀርባ ቆሞ ኳሷን ይቀበልና ፊቱን ወደ ግቡ ያዞራል። በዚያች ቅጽበት ከሦስቱ የመሐል ተከላካዮች አንዱ ስፍራውን ለቆ ሊገጥመው ግድ ይሆንበታል፤ እርሱም በለቀቀው ስፍራ የባላጋራው አጥቂ ይሮጥበታል፤ አደጋውን ያየው የመስመር ተመላላሽ ሊሸፍን ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ ደግሞ መስመሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ይህ ቀዳዳ የአንድ ተጫዋች ስንፍና አይደለም፤ ካዜሚሮን አውጥተን ሌላ ብናስገባ ያው ቀዳዳ ያው ሆኖ ይቆያል። በፖርቱጋል አብዛኛው ባላጋራ ለስፖርቲንግ ሜዳውን ለቆ ወደ ኋላ ያፈገፍግ ስለ ነበር ቀዳዳው የሚፈተንበት ጊዜ ጥቂት ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ በእንግሊዝ ግን በየሳምንቱ ተፈተነ።

ተመልካቹ ይህን ነገር ከአሰልጣኙ አስቀድሞ ማየቱ ብዙ ባልንጀሮቼን ያናድዳቸዋል፤ እኔ ግን የቦታ ነገር ነው ባይ ነኝ። አሰልጣኝ የሚቆመው በሜዳው ጠርዝ፣ ከሣሩ እኩል ነው፤ ከዚያ ሆኖ የተጫዋቹን እግር፣ የፊቱን ድካም፣ የጓደኛውን ጥሪ መስማት አለመስማቱን አጥርቶ ያያል፤ በሁለት ተጫዋቾች መካከል ያለውን ርቀት ግን አንዱ ሌላውን ስለሚጋርደው በትክክል ሊመዝን አይችልም። በአዲስ አበባ ስታዲየም ጥላ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ተመልካች ግን ሜዳውን እንደ ተዘረጋ ብራና ከላይ ያነበዋል። ብዙ ክለቦች አንድ ረዳት ከፍ ባለ ስፍራ አስቀምጠው በሬዲዮ መልእክት የሚቀበሉትም ስለዚህ ነው። የከፍታው ዓይን ለረዳቱ የሚታመንለት ከሆነ፣ በስታዲየሙ ካታንጋ በሚባለው ስፍራ ለሚቀመጠው ደጋፊ ፈጽሞ የሚነፈግበትን ምክንያት አላውቅም። እርግጥ ነው፣ ደጋፊው የማያየውም አለ፤ ማን ጉዳቱን ደብቆ እንደሚጫወት፣ ማን በልምምድ ላይ ሦስት ጊዜ ተነግሮት እንዳልገባው አያይም። ስለዚህ መድኃኒቱን ሲያዝ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ሕመሙ ያለበትን ስፍራ ሲጠቁም ግን የሚስተው ከስንት አንዴ ነው።

ስለ አሰልጣኙም እውነቱ መነገር አለበት። አንድ አሰላለፍ በቃል ተነግሮ የሚያዝ ትምህርት አይደለም፤ ተጫዋቹ ሳያስብ ወደ ተገቢው ስፍራ እንዲሄድ እግሩ እስኪለምድ ድረስ የብዙ ወራት ልምምድ ይጠይቃል። በየሽንፈቱ አሰላለፍ የሚለውጥ አሰልጣኝ አንዱንም ሳያስተምር ዘመኑ ያልቃል፤ ተጫዋቾቹም የሰኞው ትእዛዝ እስከ ቅዳሜ እንደማይጸና ስለሚያውቁ በልባቸው አይቀበሉትም። ጽናት በሙያችን ከታላላቅ ምግባራት አንዱ ነው።

ነገር ግን ጽናት በምን ላይ? ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓቷን ስታስተምር ዶግማን ከቀኖና ትለያለች፤ ዶግማ የእምነቱ መሠረት ስለ ሆነ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም፤ ቀኖና ግን ለምእመናን ጥቅም የተሠራ ሥርዓት ነውና በሲኖዶስ ውሳኔ እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው ሊሻሻል ይችላል። በአሰልጣኝም ዘንድ እንዲሁ የማይነካ ነገር አለ፤ ኳስን በድፍረት መጫወት፣ ኳስ ሲነጠቁ ወዲያው መጫን፣ አንዱ ለሌላው መሮጥ የመሳሰለው። ሦስት ተከላካይ ወይም አራት ተከላካይ ማለት ግን ይህ አሳብ በዚያ ቀን፣ በዚያ ባላጋራ ፊት እንዲፈጸም የተሠራ ሥርዓት ብቻ ነው። ተመልካቹን የሚያስመርረው አሰልጣኙ ቀኖናውን ወደ ዶግማ ማዕርግ ከፍ አድርጎ፣ ለሥርዓቱ ሲል አሳቡን ራሱን ሲሠዋ ማየቱ ነው፤ በድፍረት ሊጫወት የመጣው ቡድን አምስት ተከላካይ ሆኖ በግቡ ደጅ ተሰብስቦ ያገኘዋልና።

የጨዋታው ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1925 የ«ከጨዋታ ውጪ» ሕግ ሲለወጥ፣ የአርሰናሉ ኸርበርት ቻፕማን በኒውካስል 7 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ፣ በተጫዋቹ በቻርሊ ባካን ምክር የመሐል አማካዩን ወደ ኋላ መልሶ ሦስተኛ ተከላካይ አደረገው፤ ደብሊው ኤም የተባለው አሰላለፍም ከዚህ ተወለደ። እንግዲህ ይህ ሥርዓት ራሱ የለውጥ ልጅ ነበር፤ ያውም ከተጫዋች አፍ የወጣን ምክር ለመስማት ያላፈረ አሰልጣኝ ሥራ። በእንግሊዝ ግን ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ሲቆይ ማንም የማይጠይቀው ልማድ ሆነ። በኖቬምበር 25 ቀን 1953 ሀንጋሪ ወደ ዌምብሌይ መጥታ አጥቂዋን ናንዶር ሂደጉቲን ወደ መሐል ሜዳ ዝቅ አድርጋ ስታሰልፍ፣ የእንግሊዙ የመሐል ተከላካይ ሃሪ ጆንስተን ተከትሎት ቢወጣ ጀርባው ባዶ የሚቀር፣ ባይወጣ ሂደጉቲ ነጻ የሚሆን ሆነበት፤ ሂደጉቲም ሦስት ግብ አገባ፣ ጨዋታውም 6 ለ 3 አለቀ። ከስድስት ወር በኋላ እንግሊዞች ወደ ቡዳፔስት በዚያው አሰላለፍ ሄዱና 7 ለ 1 ተሸነፉ። ከሁለቱ ሽንፈቶች እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው አለማወቅ ነበርና።

በአንጻሩ አንቶኒዮ ኮንቴ በሴፕቴምበር 24 ቀን 2016 ቼልሲን ይዞ በአርሰናል 3 ለ 0 ሲመራ፣ በ55ኛው ደቂቃ ፋብሬጋስን አስወጥቶ ማርኮስ አሎንሶን አስገባና ተከላካዮቹን ሦስት አደረገ። ያን ቀን ውጤቱ አልተለወጠም። በሳምንቱ ግን በዚሁ አሰላለፍ ሃል ሲቲን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ይህንም ጨምሮ 13 የሊግ ድሎች ተከታትለው መጡ፤ በመጨረሻም ቼልሲ በ93 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። አንዱን ያዳነው ሌላውን የጣለው ያው የሦስት ተከላካይ ሥርዓት መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ ነገሩ የቍጥር እንዳልሆነ ይረዳል። ኮንቴ አስቀድሞ ተጫዋቾቹን ተመለከተ፤ በየዓመቱ ለሌሎች ክለቦች በውሰት ይሰጥ የነበረውን ቪክቶር ሞሰስን የመስመር ተመላላሽ አድርጎ፣ ሥርዓቱን ለሰዎቹ ሰፋላቸው።

አሞሪምም ቢሆን በዲሴምበር 26 ቀን 2025 ከኒውካስል ጋር በአራት ተከላካይ ተጫውቶ 1 ለ 0 አሸንፎ ነበር። ቀደም ሲል ላለመለወጡ የሰጠው ምክንያት፣ ጋዜጠኞች በሚጮኹበት ጊዜ ቢለውጥ ተጫዋቾቹ በሰው ግፊት ለወጠ እንደሚሉትና ይህም የአሰልጣኝ ፍጻሜ እንደሚሆን ነው። ይህ ፍርሃት በእኛ ሙያ እውነተኛ ፍርሃት ስለ ሆነ አልንቀውም። ነገር ግን ተጫዋች የለውጡን ምንጭ የሚለየው በልምምድ ሜዳ ነው፤ ምክንያቱ ተነግሮት፣ በእግሩ ሠርቶት፣ ቀዳዳው ሲደፈን በዓይኑ ያየ ተጫዋች፣ ይህን አስቀድሞ የጮኸው ማን ነበር ብሎ አይመረምርም። አሞሪም ግን በዲሴምበር 30 ቀን በሊጉ ግርጌ የነበረውን ወልቭስን በሜዳው ሲቀበል ወደ ሦስት ተከላካዩ ተመለሰ፤ ጨዋታውም 1 ለ 1 አለቀ። በጃንዋሪ 5 ቀን 2026 ከሥራው ተሰናበተ። በወልቭሱ ጨዋታ ማብቂያ ኦልድ ትራፎርድን የሞላው የተቃውሞ ጩኸት ስለ ጠፉት ሁለት ነጥቦች ብቻ የተነሣ አይመስለኝም፤ ያ ሕዝብ ከአራት ቀን በፊት፣ በዚያው ሜዳ፣ ያንኑ የራሱን ቡድን በሌላ አሰላለፍ ሲያሸንፍ አይቶት ነበር።